ሌላውን ጫፍ ለያዛችሁልን

ክብርት ዳይሬክተራችን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከየሼዱ ሥራችሁን አቁማችሁ የመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣

በመጀመሪያ ይህን የጡረታ መሸኛ ዝግጅቴን ያሰናዳችሁትን ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። ወንበሮቹን ከሥልጠና ክፍል ተሸክመው ያመጡትን ደግሞ በተለይ አመሰግናለሁ። ወንበሮቹን የሠሯቸው የራሳችን ሰዎች ስለሆኑ አንዱን ለማንሳት ጥሩ ወገብ ይጠይቃል። የተቀመጣችሁ አትስጉ። ሕንፃው ቢፈርስ እንኳ ወንበሩ ይቀራል።

እኔ ንግግር አላውቅም። እናንተም ታውቁኛላችሁ፣ ከቁጣ በቀር ጮክ ብዬ የተናገርኩት ነገር የለም። ትናንት ጸሐፊያችን «እትዬ መጋዘን፣ ንግግርሽን ስጪኝና ልተይበው» ስትለኝ «ሆዴ ውስጥ ነው ያለው» አልኳት። «ታዲያ ሆድሽን እንዴት አድርጌ ልተይበው?» አለችኝ። እንግዲህ ሳይተየብ ስሙት።

«መጋዘን» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ የማያውቁ አዲስ ልጆች አሉ። ጉድጓዱ ይሠራ በነበረበት ዘመን የማዕድን ድርጅቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ቦት ጫማው፣ ሄልሜቱ፣ የራስ መብራቱ፣ ሁሉም የሚወጣው በእኔ እጅ ነበር። ሳያረጅበት አዲስ ቦት የጠየቀኝ ሰው ተጣልቶኝ ነበር የሚሄደው። ስሙ ተለጥፎብኝ ቀረ። ባለቤቴ እንኳ ሲናደድ በዚያው ነው የሚጠራኝ።

ዛሬ የቆምኩት ላመሰግን ነው። ነገር ግን አንድ ልመናም ስላለኝ ከአሁኑ ልናገረውና ይውጣልኝ። በክብርት ዳይሬክተራችን ጠረጴዛ ላይ ከበላይ የመጣ የመመሪያ ረቂቅ አለ። ወሬው እዚህ ያልደረሰው ሰው ያለ አይመስለኝም። የሥራ ፈጠራ ማዕከላችን አሠልጥኖ የሥራ ቦታ የሰጠው ሰው፣ ሥራውን ትቶ ወደ ጉድጓዱ ከተመለሰ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፣ እሱም ዳግመኛ እዚህ አይገባም ይላል። ዳይሬክተራችን ሰኞ አስተያየታቸውን ይጽፋሉ። ልመናዬ «አይሆንም» ብለው እንዲጽፉ ነው።

ለምን? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር።

ከተማችን አንድ ቀጣሪ፣ አንድ ከፋይ፣ አንድ ፊሽካ ነበራት። ፊሽካው ሲነፋ እንነሳለን፣ ሲነፋ ምሳ እንበላለን፣ ሲነፋ ወደ ቤት እንገባለን። ጉድጓዱ ከተዘጋ በኋላ ባለቤቴ ምሳ ቀርቦለት «ገና አልተነፋም» ብሎኝ ያውቃል። ከእግራችን ሥር ያለው ሀብት ለልጅ ልጅ ይተርፋል ሲባል ነው ያደግነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። የእኛ ላም ከመሬት በታች መሆኗ ብቻ ነው ልዩነቱ። አንድ ቀን የማዕድኑ የዓለም ዋጋ ወደቀ ተባለና በሩ ተቆለፈ። የጉድጓዱ ፓምፕ ሲቆም የቤታችን ቧንቧም ደረቀ። ለካ የምንጠጣው ውሃ እንኳ የእሱ ኖሯል።

ይህ ማዕከል የተከፈተው ያን ጊዜ ነው፣ በዚሁ በድሮው መጋዘኔ ግቢ። ግቢውን ሲረከቡ እኔንም ከነቁልፌ ተረከቡኝ፣ ኋላም አማካሪ አደረጉኝ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ አሠልጣኝ መጣ። ጥሩ ልብስ የለበሰ፣ ልቡም ጥሩ የሆነ ሰው ነበር። ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ሥራ ፈጣሪ ማለት ብቻውን መቆም የሚችል ሰው ነው» ብሎ ጻፈ። ዘወር ሲል ግን የተመዘገበው ሰው ቁጥርና የተቀመጠው ሰው ቁጥር አልገጥምለት አለ። በአንድ ስም ሁለት ሰው መጥቷል። አንድ ዴስክ ላይ ተጣብቀው ይቀመጣሉ፣ አንዱን ሲጠይቀው ሌላው ይመልሳል። በእረፍት ሰዓት ወደ እኔ መጣና «እዚህ ከተማ ማጭበርበር የተለመደ ነው እንዴ?» አለኝ።

ማጭበርበር አልነበረም። ጉድጓድ ውስጥ ማንም ብቻውን አይወርድም። እያንዳንዱ ሰው ጥንድ አለው። አንዱ ሲቆፍር ሌላው ጣሪያውን ያያል፣ አንዱ ሲጎትት ሌላው ይገፋል። ሰዎቻችን ያለ ጥንዳቸው ፀጉር ቤት እንኳ አይሄዱም ነበር። «ለሥልጠና ኑ» ሲባሉ ታዲያ ጥንዳቸውን ቤት ትተው ይምጡ?

ከሰዓት በኋላ አሠልጣኙ «ብቻውን መቆም» የሚለውን ሲደግመው ከኋላ አንድ ሰው እጁን አወጣ። የእኔው ታናሽ ወንድም ነው። ጉድጓድ ውስጥ የፓምፕ ሠራተኛ ነበር፣ ምላሱም እንደ ፓምፑ ቆሞ አያውቅም።

«ጋሼ፣» አለው፣ «እኛ ዘንድ ብቻውን የቆመ ሰው በቃሬዛ ነው የሚወጣው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አሠልጣኙ አልሳቀም። ሰሌዳውን ጠረገው። በዚያው ሳምንት ለአለቆቹ ጽፎ፣ ተሟግቶ፣ አንድ ድርጅት በሁለት ሰው ስም እንዲመዘገብ አስፈቀደልን። ዛሬ የሁሉም ሼድ በር ላይ ሁለት ሁለት ስም የተጻፈው በእሱ ነው። የት እንዳለ አላውቅም፣ ባለበት ደስ ይበለው።

የወንድሜ ጥንድ በያጁ ነው። እዚያ ጥግ የተቀመጠው። እባካችሁ አትዙሩበት፣ ያፍራል። ወሬ በኪሎ የሚሸጥ ቢሆን ይህ ሰውዬ በረሃብ ያልቅ ነበር።

ሁለቱ የብረት ሥራ ከፈቱ። የመጀመሪያዋ ደንበኛቸው ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፣ የሳሎን በር አዘዙ። የእኛዎቹ ታዲያ የሚያውቁት አንድ ዓይነት በር ብቻ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ፍንዳታ የሚያግደውን። በወፍራም ላሜራ ላይ ሌላ ወፍራም ላሜራ ደርበው ሠሩት። ጎረምሶች ተሰብስበው እያቃሰቱ ተሸክመው ወሰዱት። ተገጠመ፣ ተዘጋ፣ ተጨበጨበ። በማግስቱ ጠዋት መምህርቷ በሩን ሲስቡት ግድግዳውን ይዞ መጣ። እግዜር ደግ ነው፣ እሳቸው ዘወር ብለው ነበር።

አቧራቸውን ሳያራግፉ እዚህ ቢሮ መጡ። «ልጆቼ፣» አሉ፣ «እኔ ያዘዝኩት በር ነው። ቤቴ ውስጥ የሚፈነዳ ነገር የለም፤ እኔና ድመቴ ብቻ ነን።»

ወንድሜ ምን ብሎ ቢመልስላቸው ጥሩ ነው? «እትዬ፣ በሩ እኮ ምንም አልሆነም!»

ያን ቀን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ማታ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሠሩ «የምትሠሩት ለማን ነው? ሰውዬው ምን ይፈልጋል?» ብሎ የጠየቃቸው የለም። ጉድጓድ ውስጥ አለቃ እንጂ ደንበኛ የለም። ሥራ መፍጠር የምንለው ትልቅ ነገር ደግሞ፣ እዚህ ስቆይ እንዳየሁት፣ የሚጀምረው ጎረቤትን ቁጭ ብሎ ከመጠየቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሜትር ከመዘርጋታቸው በፊት ይጠይቃሉ። ግድግዳው ከምንድን ነው? ማን ነው የሚከፍተው? እጁ ያመዋል? መምህርቷም በአንድ ጣት የሚገፋ በር ተሠርቶላቸዋል። ድመቷም ሳትከፍተው አትቀርም።

ሲጠይቁ ሲጠይቁ ደግሞ የሁሉም ሰው ችግር አንድ መሆኑን ደረሱበት፣ ውሃ። አንዱ ፓምፕ ያውቃል፣ አንዱ ብረት ያውቃል። የእጅ ፓምፕ መሥራት፣ የታንከር ማቆሚያ መበየድ ያዙ። ከከተማው ዳር አትክልት የሚያለሙት ሰዎች ተሰልፈው መጡ። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ ጀመርኩ።

ይሄኔ ዋጋው ተመልሶ ወጣ።

መኪናዋን ታስታውሷታላችሁ፣ ድምፅ ማጉያ ጭና በየሰፈሩ የዞረችውን። «የቀድሞ ሠራተኞች በሙሉ ተመዝገቡ!» በሳምንት ውስጥ ይህ ግቢ ወና ሆነ። አንድ ማታ ወንድሜ ቤቴ መጣ።

«እታለም፣ ልመለስ ነው።»

«ደንበኞችህስ?»

«አንድ ሳምንት ደንበኛ ሲጠፋ እንቅልፍ አጣለሁ። እዚያ ወሩ ሲደርስ ደመወዙ ይደርሳል።»

«ጣሪያው ሲደረመስም መርዶው ይደርሳል» አልኩት።

ቀና ብሎ፣ «ሚስቴ ልትወልድ ነው። ፈርቻለሁ፣ እታለም» አለኝ።

ይህን ያህል ዓመት አማካሪ ተብዬ ተቀምጫለሁ። ፈርቻለሁ ላለ ሰው የሚሆን ምክር ግን በየትኛውም ሥልጠና አላስተማሩኝም። እራት አቀረብኩለት፣ በልቶ ሄደ። ሰኞ ወረደ።

የያኔው ደንብ ደግሞ፣ በሁለት ስም የተመዘገበ ድርጅት ውስጥ አንዱ ከጎደለ ሌላ ሰው ይተካ፣ ካልተተካ ሼዱ ይመለስ የሚል ነበር። በያጁን ሌላ ሰው እንዲፈልግ ልነግረው ሄድኩ።

«ጥንድ አለኝ» አለ።

«ሄዷል እኮ!»

«ይመጣል።»

በቃ። ከዚህ በላይ ከእሱ አፍ ለማውጣት መቆፈሪያ ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ቱቦላሬ ረጅም ብረት ነው፣ አንድ ሰው ሁለቱን ጫፍ መያዝ አይችልም። አንድ ከሰዓት በመስኮት ሳይ፣ በያጁ አንዱን ጫፍ ድንጋይ ላይ አስደግፎ በሌላው በኩል ይለካል። ብረቱ ይንሸራተታል፣ ይሮጣል፣ ይመልሰዋል፣ እንደገና ይሮጣል። ላብ አጥምቆታል። ይህን ሲያይ የቆየው ጥበቃችን በሩን ዘጋና ሄደ። ምንም ሳይናገር ሌላውን ጫፍ ያዘለት።

እንዲህ ነው የተጀመረው። ማንም ስብሰባ አልጠራም። በማግስቱ የሒሳብ ሹማችን ከሥራ ሲወጣ ጎራ አለ። ከዚያ ሾፌራችን፣ ከዚያ ጸሐፊያችን፣ ከዚያ እኔ። የማን ተራ እንደሆነ ሳይነገር ይታወቅ ነበር። የሒሳብ ሹማችን ያንን ቀይ ክራባት ከዚያ ወዲህ ለምን እንዳላደረገው የገረማችሁ ካላችሁ፣ ፍንጣሪ አርፎበት ነው። ጸሐፊያችን ጓንቱ ስለሚሰፋት በውስጡ ሌላ ጓንት ታደርግ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፣ በዓይኔ ያየሁት ግን በእናንተ ነው።

አንድ ቀን ተቆጣጣሪ መጣ፣ ሳይነግር። በቀጥታ ወደ ብረት ሥራው ሼድ ገባ። ሁለት ሰው ቱታ ለብሶ፣ የብየዳ ማስክ አጥልቆ ይሠራል። ወደ ሁለተኛው ጠጋ አለና «ሁለተኛው የድርጅቱ ባለቤት አንተ ነህ?» አለው።

ማስኩ ተነሳ። ክብርት ዳይሬክተራችን ናቸው።

ያኔ ገና መሾማቸው ነበር። ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አያቸው፣ ከቱታው ሥር ታኮ ጫማ ብቅ ብሏል። «ባለቤቱ ለጊዜው ጉድጓድ ውስጥ ነው» አሉት። «እኔ የዛሬ ተረኛ ነኝ።» ተቆጣጣሪውም «ሁለት ሰው ሲሠራ አግኝቻለሁ» ብሎ ጽፎ ሄደ። የጻፈው ውሸት አልነበረም።

ክብርት ዳይሬክተር፣ ስለዚያ ቀን አመስግኜዎት አላውቅም። እናንተንም አላመሰገንኳችሁም። ብናገረው የሚረክስ እየመሰለኝ ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። ዛሬ ግን ሆዴ አልቻለውም። ያ የእናንተ ሥራ አልነበረም። በደመወዛችሁም ውስጥ የለም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ዋጋው መልሶ ወደቀ፣ ጉድጓዱም ተዘጋ። የሄደው ሁሉ መመለስ ጀመረ። ቦታቸው ለሌላ ሰው የተሰጠባቸው፣ በዚህ በር ሲያልፉ ፊታቸውን አዙረው አለፉ። አንዳንዶቹን እስከ ዛሬ መናኸሪያው አካባቢ ቆመው አያቸዋለሁ። ጎበዝ ባለሙያዎች ነበሩ። ያስተማርናቸውም እኛው ነን።

ወንድሜም መጣ። ግቢው በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ። ልጁን ታቅፎ ነበር። ጥበቃችን ሮጦ ጠራኝ፤ ከመድረሴ በፊት ግን በያጁ ቀና ብሎ አየው። ያን ቀን ተረኛው የሒሳብ ሹማችን ነበር። እኔ ጠብ ይነሳል ብዬ ልገላግል ተጠጋሁ። ጥሎት የሄደ ሰው ነው እኮ! መስደብ፣ ማባረር መብቱ ነው።

በያጁ ወደ ሒሳብ ሹማችን ዞሮ «አንተ እረፍ» አለው። ወደ ወንድሜ ዞሮ ደግሞ፣ «ያንን ጫፍ ያዝ» አለው።

ወንድሜ ልጅቷን ለእኔ ሰጠኝና ያዘ። የሒሳብ ሹማችን ዓይኑን እየጠረገ ወጣ። የብየዳ ጭስ ነው አለኝ። ያን ቀን ብየዳ አልነበረም፣ ልኬት ነበር።

እንግዲህ ልመናዬን የምደግመው እዚህ ጋ ነው። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ክፉ አይደሉም። «አሠልጥነን፣ ቦታ ሰጥተን፣ ጥለውን እየሄዱ እስከ መቼ?» ነው የሚሉት። እውነት አላቸው፣ ያበሳጫል። ነገር ግን ሰው በአንድ ጀምበር ከጉድጓድ አይወጣም። አያቱ፣ አባቱ፣ እሱ ራሱ እዚያ ነው የኖሩት። አንድ እግሩ ይወጣል፣ ይፈራል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይወጣል። ወንድሜ ሁለተኛ ሲወጣ ጨርሶ ወጣ፤ ዛሬ መኪናዋ በሩ ላይ ቆማ ብትጮህም አይሰማትም። ያኔ በሩን ዘግተንበት ቢሆን ኖሮ ዛሬ እሱም መናኸሪያው ጋ ነበር።

መኪናዋ ባለፈው ሳምንት ተመልሳ መጥታለች። ሰምታችኋል። ዋጋው ወጥቷል።

አሁን የምናገረውን ፈቃድ ጠይቄ ነው የምናገረው። «ልንገራቸው?» ብዬው «ንገሪ» ብሎኛል። ሰኞ ወደ ጉድጓዱ የሚመለሰው በያጁ ነው።

አዎ፣ እሱ ራሱ። ሚስቱ ኩላሊቷን ታማለች። ሕክምናው ረጅም ነው፣ ሩቅም ነው። ጉድጓዱ ለሠራተኛው ቤተሰብ ሕክምና ይሸፍናል፤ አንድ የብረት ሥራ ሼድ ግን ይህን ሊያደርግ አይችልም። ገና አልቻልንም። ሰበብ እየፈለገ አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም። የሰውን ቦታ ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቀው ሰውዬ፣ መመሪያው ከጸደቀ የራሱን ቦታ ያጣል። ወንድሜም ሌላ ጥንድ እንዲያመጣ ይነገረዋል። ምን ብሎ እንደሚመልስ ታውቃላችሁ።

ክብርት ዳይሬክተር፣ እኔ የሚያውቁኝ ነኝ፣ ማባበል አልችልበትም። ሰኞ ብዕሩን ሲያነሱ ያንን ማስክ ያነሱበትን ቀን ያስቡልኝ። ሌላ የምለው የለኝም።

እናንተን ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከሰኞ ጀምሮ ወንድሜ ብቻውን ነው፣ ቱቦላሬውም አላጠረም። ተረኛው ማን ነው?

እጃችሁን አውጡ፣ አትፈሩ፣ ስም አልመዘግብም። ጥበቃችን፣ አወቅኩት፣ ጥያቄውን ሳልጨርስ ነው ያወጣኸው። ሒሳብ ሹማችን፣ ክራባትህን ፍታ። ሾፌራችን። ጸሐፊያችን፣ ሁለቱንም እጅሽን ማውጣት አያስፈልግም። እነዚህ አዲስ ልጆችም? ስማችሁን እንኳ በቅጡ ሳላውቀው!

ክብርት ዳይሬክተር... የእርስዎም እጅ ነው? እንግዲህ ሁላችሁም ምስክር ናችሁ። አይ፣ አላለቅስም። ውሃ ስጡኝ።

እኔም ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ፈት ነኝ፣ ማክሰኞን ለእኔ ተዉልኝ።

በያጁ፣ ሚስትህን ፈጣሪ ይማርልህ፣ በደህና ወርደህ በደህና ውጣ። እናንተም ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ጤና ስጡኝ ብላችሁ የማትለምኑበት ቤት ይስጣችሁ። የምትሠሩት ነገር ገዢ አይጣ፣ ልጆቻችሁ ከመሬት በላይ፣ በፀሐይ ሥር ሠርተው ይደሩ። ከመካከላችሁ የሚሄድ ቢኖር መንገዱ ይቅናው፣ ሲመለስም ጫፉን ይዞ የሚጠብቀው ሰው አይጣ።